የቧንቧው ጭስና የአባቴ ምራቅ

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ፣ ሰቆጣ መናኸሪያ አካባቢ የብረት በር በሚሠራ አንድ ወጣት ደጃፍ ሳልፍ፣ ነጣ ያለ ጭስ ፊቴ ላይ መጥቶ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባና፣ ምላሴ ላይ ሳንቲም በስኳር ነክሮ እንደ መላስ ያለ ጣዕም ትቶብኝ ሄደ። ወጣቱ የውሃ ቧንቧ እየበየደ ነበርና ቆም ብዬ «ላዩን ሳትፍቅ አትበይደው፤ ደግሞም በሩን ክፈተው» አልኩት። «እሺ ቲቸር» አለኝና መነጽሩን መልሶ ሥራውን ቀጠለ። እኔም ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ ምራቄን መዋጥም መትፋትም እያስጠላኝ፣ እስከ ቤቴ ድረስ ያንኑ ጣዕም ይዤ ሄድኩ። በከተማችን የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የብረታ ብረት ሥራ ስለማስተምር፣ ስለዚህ ጭስ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። የምነግራቸው ግን ኬሚስትሪውን ነው፤ የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

አባቴ ኪሮስ ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቴ ለተብርሃን ደግሞ ሸክላ ትሠራ ነበር። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነበር፤ እዚያ የሆነው እኛ ወደን ሳይሆን ሰው ከእኛ ጋር አጥር መጋራት ስለማይፈልግ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዓይኑ ያረፈበት ሰው ታሞ ይወድቃል፤ የሚድነውም የበላው ሰው ራሱ መጥቶ እንትፍ ሲልበት ነው ይሉ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ጾሙን ይጾማል፣ ልጆቹን አስጠምቋል፤ ይህ ሁሉ ግን ማረሻ ለማሾል የመጣ ገበሬ ስንቁን ሲበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳያዞር አላደረገውም።

በበጋ የሚሠራው ደጅ፣ በዳስ ሥር ነበር። ተማሪዎቼ ዛሬ የኤሌክትሪክ መንፊያ ያውቃሉ፤ የእኛ ወናፍ ግን ሁለት የፍየል ስልቻ ነበር፤ የሚነፋው ሰው መሐል ተቀምጦ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ነፋሱን በሸክላ አፍ በኩል ወደ ከሰሉ ይሰድ ነበር። ቆዳው በደንብ ስላልተለፋ ሲሞቅ የላብና የጮማ ሽታ ያወጣ ነበር፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ የሞተ እንስሳ ይሸት ነበር። አባቴ ከድንጋይ ጋር የተተከለው የብረት መቀጥቀጫ፣ መስፉ፣ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ በግራ እጁ በጉጠት የጋለውን ብረት ይዞ፣ በቀኙ በመዶሻ ይቀጠቅጥ ነበር። አጠገቡ ከድንጋይ የተፈለፈለ ገንዳ ነበር፤ ትኩሱ ብረት የሚጠልቅበት ውሃ ሲጎድል ይሞላል እንጂ ተደፍቶ አያውቅም፤ ላዩ ላይ የብረት ቅርፊት፣ የፍየል ፀጉር፣ የሰጠሙ ዝንቦችና እንደ ዘይት የሚያብረቀርቅ አረፋ ይንሳፈፍበት ነበር። ቢላ በቀንድ እጀታ ሲገጠም ደግሞ የቢላውን ጭራ አግሎ ቀንዱ ውስጥ ይሰካው ነበርና፣ ያኔ የሚነሳው ሽታ፣ የሚቃጠል ጥፍርና ፀጉር አንድ ላይ፣ ልብሳችን ላይ ለቀናት ይቆይ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ አልነበረችም።

ከሰሉን ይዞ የሚመጣውና ወናፉን የሚነፋው ባለጉዳዩ ራሱ ነበር፤ የአካባቢያችን ደንብ ይህ ነው። ማረሻ የሚያሾል ገበሬ ብረቱን፣ ከሰሉንና ጉልበቱን አምጥቶ፣ ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንድ ጭስ እየተነፈሰ ያረፍድ ነበር። ጭሱን አብሮ ይተነፍሳል፤ ውሃችንን ግን አይጠጣም።

አባቴ ለሥራው ጥንቁቅ ነበር። ነጠላውንም ጋቢውንም አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ነበር የሚጀምረው፤ የመዶሻውን እጀታ በየጠዋቱ ይነቀንቃል፣ ላላ ካለ ሽብልቅ ያስገባበታል፤ ጉጠቱ ብረቱን አጥብቆ ካልያዘ አይመታም ነበር። መሬት ላይ የወደቀ ብረት እንዳልነካ ሲከለክለኝ «የቀላውን ታይዋለሽና አትነኪውም፤ የሚያቃጥልሽ ቅላቱ የጠፋው ነው» ይለኝ ነበር። እነዚህን ደንቦች ዛሬም ቃል በቃል አስተምራለሁ። አባቴ በጠባሳ የተማረውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ጠባሳ የማይተወውን ነገር ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ግትር ነበር። ልጅ ታመመብን፣ ዓይንህ ይሆናልና እንትፍ በልበት ብለው ሲመጡ «እኔ ሰው በልቼ አላውቅም፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ብሎ በር ይዘጋ ነበር። ይሰድቡት ነበር፣ አጥራችንን በድንጋይ ይመቱት ነበር፤ አልተበገረም። «እንትፍ ያልኩ ቀን ነኝ ማለቴ ነው። እኔ ነኝ ካልኩ ደግሞ እነዚህ ልጆችም ናቸው» ይላት ነበር ለእናቴ። እነዚህ ልጆች ማለት እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በክፍል ውስጥ ልጆቹ «አባቷ ቡዳ ነው፣ አይደለም» እያሉ ሲከራከሩ፣ «አይደለም» የሚሉት ጥቂቶች ያላቸው ማስረጃ አባቴ እንትፍ ብሎ አለማወቁ ብቻ ነበር።

ግንቦት ሲመጣ ቤታችን በሰው ይሞላ ነበር። ከጋዝጊብላም ከፃግብጂም ማረሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይመጡና፣ በኽምጥኛና በአማርኛ እየተቀላለዱ ተራ ይጠብቁ ነበር። አብዛኞቹ ከአባቴ በዕድሜ ቢያንሱም «አንተ ኪሮስ» ይሉት ነበር፤ እሱ እነሱን «እርስዎ» ይላል። ከሁሉም የተለየው ፈንታ የሚባል ከላይኛው ሰፈር የሚመጣ ገበሬ ነበር፤ አንተ ቢልም እንደ ጓደኛ ነበር የሚለው። ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይጀምራል።

«ኪሮስ፣ ዛሬ ቀስ ብለህ እየኝ፣ ቁርስ አልበላሁም፤ የምትበላው ነገር የለኝም።»

«አንተን የሚበላ ጥርሱን ያጣል» ይለው ነበር አባቴ፣ ቀና ሳይል። «ከሰልህን አስቀምጥና ንፋ። ባለፈው ያመጣኸው ከሰል ግማሹ አፈር ነበር።»

«አፈሩን ለምርቃት ነው የጨመርኩልህ።»

ፈንታ ወደ ግድግዳ ሳይዞር ስንቁን ይበላ ነበር። ይህን ያደርግ የነበረ እሱ ብቻ ነበር፤ አባቴም እሱ የሚመጣበትን ቀን ይወድ ነበር።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ሥራው ከዳሱ ወደ ጎጆው ይገባ ነበር። መስኮት የሌላት ጠባብ ጎጆ ነበረች፤ በሩ ሲዘጋ ጭሱ በሣሩ ክዳን በኩል ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው። አባቴ ጨለማውን ይፈልገው ነበር፤ ብረት ምን ያህል እንደጋለ የሚታወቀው በቀለሙ ስለሆነና፣ በፀሐይ ብርሃን ደግሞ ደብዛዛው ቀይና ደማቁ ቀይ ስለማይለዩ፣ ዝናብ ባይኖርም እንኳ ለጥንቃቄ ሥራ በሩን ይዘጋ ነበር። ይህ በራሱ ስህተት አይደለም፤ እኔም ተማሪዎቼን ምድጃውን ከፀሐይ እንዲከልሉ አደርጋለሁ።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ፈንታ ትከሻው ላይ ቧንቧ ተሸክሞ መጣ። ሥራው ተቋርጦ ከተተወ የውሃ መስመር የተነቀለ፣ ነጭና የሚያበራ ቧንቧ ነበር። ከእሱ ቆርጦ፣ ማረሻውን ከድግሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘውን የብረት ቀለበት፣ ወገሉን፣ ሊያሠራ ነበር የፈለገው።

«እንዲህ ያለ ንጹህ ብረት አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

«ንጽህናውስ የሙሽራ ነው» አለ አባቴ፣ ቧንቧውን በጥፍሩ እየጫረ። በሩን ዘጉት።

ከሰል ላቀብላቸው በሩን ገፋ ሳደርግ ያየሁትን አልረሳውም። እሳቱ ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ከቧንቧው የሚወጣው ጭስ እንደ ወተት ነጭ ነበር፣ ከጭሱም ውስጥ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነገር እየተነሳ ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸውና ጢማቸው ላይ ያርፍ ነበር። ፈንታ ወናፉን ሳያቋርጥ እየሳለ «ኪሮስ፣ የለተብርሃንን ጥጥ እዚህ ነው እንዴ የምትፈትለው?» ይል ነበር። አባቴም እየሳለ ይስቅ ነበር፤ ብናኙን ከከንፈሩ ላይ ልሶ «ይጣፍጣል ደግሞ» አለ። እናቴ ሽታው ደርሷት በክንዴ ጎትታ አወጣችኝ፤ እነሱ ግን ወገሉን እስኪጨርሱ በሩ እንደተዘጋ አረፈዱ።

ነገሩን ላስረዳ። የውሃ ቧንቧ እንዳይዝግ ላዩ ዚንክ በሚባል ብረት ይለበጣል። ዚንኩ ብረቱ ገና ሳይቀላ ይቀልጣል፣ ብረቱ ደምቆ ሲቀላ ደግሞ ይተናል፤ ነጩ ጭስና ጥጥ መሳዩ ብናኝ እሱ ነው። የተነፈሰው ሰው ወዲያው ከሳል በቀር ምንም አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው ብርድ ብርድ የሚለው፣ ጥርሱ የሚንገጫገጨው፣ ወባ እንደያዘው የሚንቀጠቀጠው፣ የሚያቅለሸልሸው። ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ራሱ ይለቃል፤ ጭሱ ሲበዛ ግን ሳንባን ይጎዳል። መከላከያው ልባጩን ፍቆ ማስወገድ፣ ወይም ጨርሶ እሳት ውስጥ አለማስገባት ነው። ይህን ያኔ በሰፈራችን የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚያውቁት ሌላ ነገር ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ገባና ተኛ። በጋቢ ላይ ጋቢ ደረብንለት፤ መደቡ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይንዘፈዘፍ ነበር። ትንሽ ቆይቶ፣ ዝናቡ እየጣለ፣ ፈንታን በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ሚስቱ ትርንጎ ልጅ አዝላ ከፊት ነበረች፤ የቃሬዛውን ጫፍ የያዘው ወንድሟ ነበር፤ ሌሎቹ የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። አጥራችንን ነቅለው ገቡ። ትርንጎ በራችን ላይ ተንበረከከች።

«አያ ኪሮስ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፤ አብሮዎት ሲሠራ ነው የዋለው። እንትፍ ይበሉልኝ።»

እርስዎ ስትለው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

እናቴ መጋረጃውን እስከ ዳር ገለጠችው። «ግቡና እዩት። እሱም እንደዚሁ ነው። ባልሽን ኪሮስ ከበላው ኪሮስን ማን በላው?»

ሁሉም አንገታቸውን አስገብተው አዩት። አባቴ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ላቡ በጢሙ ላይ እየወረደ፣ ጉልበቱን አቅፎ ነበር። እናቴ ያሸነፈች መሰለኝ። ከዚያ የትርንጎ ወንድም «የበላው አልፈጭ ብሎት ነው» አለ፤ ሌሎቹም የተጨነቁበት ሒሳብ የተፈታላቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብርድ ነው፣ ብርድ ነው የመታኝ። ኪሮስን ተዉት» አለ ፈንታ ከቃሬዛው ላይ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ማንም አልሰማውም። አንድ ሰው «አፉን ይዞት ነው እንዲህ የሚያስለፈልፈው» አለ።

አባቴ ተነሳ። እናቴ እጁን ያዘችው፤ አስለቀቃት። በግድግዳው እየተደገፈ እስከ በሩ ሄዶ፣ መጀመሪያ ፈንታን፣ ቀጥሎ ትርንጎ ጀርባ ላይ የሚያለቅሰውን ሕፃን፣ ከዚያም እኔን አየ። ወጣቶቹ ድንጋይ ይዘው ነበር። ፈንታ ቢሞት ያ ቤት እንደማያድር ያውቃል፤ እንትፍ ቢል ደግሞ እኔ ነገ ምን ይዤ ትምህርት ቤት እንደምሄድ ያውቃል። ያንን ሁሉ በዚያች አፍታ አስቦት ይሁን፣ ወይስ ትኩሳቱ ብቻ አድክሞት፣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ጎንበስ ብሎ የፈንታ ግንባር ላይ እንትፍ አለ።

ከአፉ የወጣው ምራቅ አልነበረም። የከሰልና የነጩ ጭስ አክታ ነበር፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ መሐሉ ጥቁር። ትርንጎ በመዳፏ ጠርጋ፣ የመድኃኒት ቅባት እንደሆነ ሁሉ፣ የባሏን ፊት፣ አንገትና ደረት አሸችው። ይህ አልበቃቸውም፤ ወንድሟ ከገንዳው ውስጥ በእፍኙ ውሃ ዘግኖ፣ ከነፀጉሩ ከነአረፋው፣ ወደ ፈንታ አፍ አስጠጋው። እናቴ «ያ ውሃ ለከብት እንኳ አይሰጥም» እያለች ትጮህ ነበር። አጠጡት። ፈንታ ጎኑን ይዞ አስታወከ፣ ጥቁር ነገር ወጣው፣ እነሱም «ወጣለት፣ ወጣለት» ተባባሉ፤ ትርንጎ እልል አለች። አባቴ በሩ ላይ ተደግፎ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ።

በማግሥቱ አባቴ ተሽሎት ተነሳ። ፈንታም ተሽሎት በሬዎቹን ጠምዶ ዋለ። ዚንክ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ቢተፉበትም ባይተፉበትም ይለቅ ነበር። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሶ ነበር፤ ክርክሩም አበቃ። «አይደለም» ይሉ የነበሩት እነዚያ ጥቂት ልጆች እንኳ፣ በክፋት ሳይሆን በቃ ነገሩ ስለተረጋገጠ፣ ከአጠገቤ ሲያልፉ ምሳቸውን ይሸፍኑ ጀመር።

ጥቅምት ገብቶ የማጭድ ሥራ ሲደራ፣ ከማጭዱ ጋር የታመመ ልጅም ይዘው ይመጡ ነበር። አንዴ እንትፍ ያለ ሰው ሁለተኛ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም፤ እምቢ ካለ እንዲሞት ፈልጎ ነው ይላሉ። ተቅማጥ ለያዘው ይተፋ ነበር፣ ዓይኑ ለታመመው ይተፋ ነበር፤ ከገንዳውም በጠርሙስ ቀድተው ይወስዱ ነበር። ፈንታ መጥቶ አልቀለደም። ማጭዱን በሰው ላከ፤ ኋላም መንገድ ላይ ሲያየን ያፍር ነበር መሰለኝ፣ አቋርጦ ይሄድ ነበር።

ኮሌጅ ገብቼ ስለ ልባጭ ብረት ስማር፣ መምህሩ ነጩን ጭስ፣ ጥጥ መሳዩን ብናኝ፣ ጣፋጩን ጣዕምና ብርዱን በተራ ሲዘረዝር፣ እጄን አንስቼ መውጣት ነበረብኝ። ለዕረፍት ስመለስ ለአባቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። እሳቱ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ እንኳ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ፈንታ ይህን ያውቃል?» አለኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ፈንታን ፈልጌ አገኘሁት፤ ሸምግሏል። እኔም ለማስረዳት የማልደክም ሰው ነኝና ሁሉንም ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ጭሱ ነው በይኛ» አለ።

«አዎ፣ ጭሱ ነው።»

«እሺ ይሁንልሽ። ታዲያ ጭሱ አባትሽ እንትፍ ሲልብኝ ለምን ለቀቀኝ?»

«ባይልም ይለቅዎት ነበር።»

«ባይል ኖሮማ» አለ፣ እየሳቀ፣ «አንቺስ በምን ታውቂ ነበር?» መልስ ነበረኝ፤ የአባቴን ስም አንስቼ፣ እሱም ሰው ሳይተፋበት እንደዳነ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ «የበላው ሰው የያዘውን ሲለቅ እሱም ይድናል እኮ፣ የኔ ልጅ» አለኝ በደግነት።

ዛሬ የማስተምርበት ክፍል ሁለት ሰፊ በሮችና ማራገቢያ አለው፤ ልባጭ ብረት ተፍቆ ነው የሚገባው፤ የመንከሪያው ውሃ በየሳምንቱ ይቀየራል፣ ይህንን እኔ ራሴ አያለሁ። ማረሻውና ማጭዱ አሁን ተሠርቶ ከሱቅ ይገዛል፤ የአባቴ እሳት ከጠፋ ቆይቷል፤ ወናፉን አይጥ በላው። ሰው ግን ወደ እሱ መምጣቱን አልተወም። ከሙያው የቀረለት ፈጽሞ ያላደረገው ነገር፣ ሰው መብላት፣ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ ልጠይቀው ሄጄ ሳለ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ይዛ መጣች። ጤና ጣቢያ ውሰጂው አልኳት፤ «ከዚያ ነው የመጣሁት» ብላ የተሰጣትን ሽሮፕ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየችኝ። አባቴ ተነስቶ፣ እናቴ አፍልታ አቀዝቅዛ በምታስቀምጥለት ውሃ አፉን ተጉመጠመጠ፤ ደጅ ወጥቶ ተፋው፤ ደግሞ ተጉመጠመጠ፣ ጥርሱን በጣቱ አሸ። ከዚያ ከሕፃኑ ፊት ራቅ ብሎ፣ አየር ብቻ እስኪመስል ድረስ በስሱ እንትፍ አለና «ሽሮፑን በሰዓቱ ስጪው፤ እንዳታቋርጪ» አላት። እሺ ብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እስክትወጣ ጠበቅኩ።